የጋራ ግድብ ሲታቀድ ገበሬው አስቀድሞ ይጠየቅ

እንደሚታወቀው አንድ ወንዝ ብዙ አገር ያጠጣል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ወንዝ ላይ ትልቅ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ጎረቤት አገሮች መስማማት ይኖርባቸዋል። ሆኖም የመንግሥታት ስምምነት ብቻውን በቂ አለመሆኑን በምዕራብ አፍሪካ ከሚገኘው ከሴኔጋል ወንዝ መማር ይቻላል።

ማሊ፣ ሞሪታንያና ሴኔጋል የወንዙን ልማት ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በ1978 ግድቦቹ የሦስቱም የጋራ ንብረት እንዲሆኑ ተዋዋሉ። በማሊ ምድር የተሠራውና ከ11 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ የሚይዘው የማናንታሊ ግድብ በ1988 ተጠናቀቀ። ዕቅዱ 375,000 ሄክታር በመስኖ ለማልማት፣ ኤሌክትሪክ ለማመንጨትና መርከብ እስከ ማሊ ለማስገባት ነበር። ከ200 ሜጋዋቱ ኃይል 52 በመቶው ለማሊ፣ 33 በመቶው ለሴኔጋል፣ 15 በመቶው ለሞሪታንያ ተመደበ። ክፍፍሉ የሚያስመሰግን ነው።

ጉድለቱ የታየው በወንዙ ዳርቻ ነው። የሸለቆው ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የወንዙ ሙላት ሲሸሽ በእርጥቡ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራል፤ በእኛም አገር በጣና ዳርቻ ባሕር ሸሽ በሚባለው መሬት እንደሚደረገው ማለት ነው። ዕቅዱ ይህን እርሻ ቀስ በቀስ በመስኖ ለመተካት አስቦ ነበር። ነገር ግን ፓምፕ፣ ነዳጅና ማዳበሪያ ገንዘብ ስለሚጠይቁ መስኖው እንደታሰበው አልተስፋፋም። ኤሌክትሪኩም የመነጨው ከ2001 ወዲህ ነው። ተርባይኑ ውኃው እንዲጠራቀም ሲፈልግ ገበሬው በወቅቱ እንዲለቀቅለት ይሻል። በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ሙላት እንዲለቀቅ በውኃ ቻርተር የተደነገገው በ2002፣ ማለትም ግድቡ ካለቀ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። በወንዙ አፍ አጠገብ በ1986 የተሠራው የዲያማ ግድብም የባሕሩን ጨው ቢከለክልም፣ የረጋው ውኃ ለቀንድ አውጣ ስለተመቸ ቢልሃርዚያ ተስፋፋ።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ጥያቄ ማቅረብ ያለባቸው ቀያሹ ችካል ሲተክል ነው። ውኃው በየትኛው ወር፣ ለስንት ቀን ይለቀቃል? የመስኖው መሬት ለማን ይደርሳል? የፓምፑንስ ወጪ ማን ይችላል? ከቦታው የሚነሣው ገበሬ የሚያርሰው መሬት የት ያገኛል? የጤና ጣቢያ ይቋቋማል ወይ? መልሱ በስብሰባ ላይ ተነግሮ እንዳይቀር በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ግድቡ ከቆመ በኋላ ሙላትን በልመና ማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው።