እድሮች የወረርሽኝ አንቀጽ ዛሬውኑ ይጻፉ!

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የማርበርግ ቫይረስ በጂንካ መከሰቱ ሲገለጽ፣ በሽታው በአገራችን ሲመዘገብ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። በምርመራ ከተረጋገጡት ታማሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልተረፉም፤ ከሟቾቹ መካከል የጤና ባለሙያዎችም ነበሩ። ጥር ላይ ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ፣ ሕዝቡም እፎይ አለ፣ ወሬውም በረደ። ከዚያ በፊት በግንቦት 2017 ኤምፖክስ በሞያሌ፣ በመጋቢት 2012 ደግሞ ኮሮና በአዲስ አበባ ታይተዋል። ስድስት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ደነገጥን፣ በየጊዜው ሳሙናና በረኪና ከሱቅ ተሻምተን ገዛን፣ አደጋው ሲያልፍ ደግሞ ወደ ነበርንበት ተመለስን። የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። ቤተሰብና ሰፈር ለወረርሽኝ የሚዘጋጁበት ዋናው መድረክ እድር ነው፤ እያንዳንዱ እድርም ስለ ወረርሽኝ የሚደነግግ አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ማስገባት ያለበት አሁን፣ በሽታ በሌለበት ጊዜ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት እነዚህ ቫይረሶች ከሰው ወደ ሰው የሚሻገሩበትን መንገድ ማየት ይበቃል። ማርበርግና ኢቦላ በአየር ተንሳፈው የሚዛመቱ አይደሉም። የሚሻገሩት በደም፣ በትውከት፣ በተቅማጥና በላብ ንክኪ ነው፤ ማለትም ታማሚን በሚያነሳ፣ በሚያጥብ፣ ልብሱን በሚቀይር ሰው እጅ። ታማሚው ሲሞት አደጋው አይቀንስም፤ እንዲያውም አስከሬኑ ቫይረሱን በብዛት የተሸከመበት ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ገላ ይታጠባል፣ ይገነዛል ወይም ይከፈናል፣ እናት ልጇ ላይ ትወድቃለች፣ እህት ግንባሩን ትስማለች። የዓለም ጤና ድርጅት በምዕራብ አፍሪካው የኢቦላ ወረርሽኝ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ በጊኒ ከተያዙት ሰዎች 60 በመቶ ያህሉ ከቀብር ሥርዓት ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ገልጾ ነበር። እንደ ኮሮና ያለው በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ደግሞ አስከሬኑን ትቶ ድንኳኑን ይመርጣል። በአንድ ጥላ ሥር ተጠጋግቶ መቀመጥ፣ ተቃቅፎ ማልቀስ፣ ከአንድ ትሪ ንፍሮ መዝገን ለእርሱ ምቹ ናቸው። በሽታው የሚከተለው ፍቅራችንንና ወጋችንን ነው፤ ስለዚህም በመመሪያ ብቻ አይቆምም።

ይህን ወግ በእጁ የያዘው ደግሞ እድር ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ የቀብር ወጪው፣ ጥሩንባ ነፊው የእርሱ ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ግን በየደንቡ ውስጥ አለ። አባል ከቀብር ከቀረ ይቀጣል፣ ለቅሶ ካልደረሰም እንዲሁ። በሰላሙ ጊዜ ይህ ድንጋጌ መልካም ነው፤ ድሃው ብቻውን እንዳይቀበር፣ ሀብታሙም በገንዘቡ ተመክቶ ከጎረቤት እንዳይርቅ ያደርጋል። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ያው ድንጋጌ ጠንቃቃውን ሰው ቀጥቶ ወደ አደጋው ይገፋዋል። ትኩሳት የጀመረው አባል እቤቱ ቢቀር ስሙ በቀሪ መዝገብ ይሰፍራል። ከመቀጮው ይልቅ የሚያስፈራው ደግሞ ሐሜቱ ነው፤ «የእኔን ለቅሶ አልደረሰም» የተባለ ሰው በራሱ ኀዘን ቀን ማን ይደርስለታል? አንድ ግለሰብ ይህን ጫና ብቻውን አይሰብረውም። ሊያነሳለት የሚችለው ጫናውን የጫነበት ጉባኤ ራሱ ነው።

በኮሮና ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል ድንኳን ታጠፈ፣ ኀዘን በስልክ ሆነ። አዋጁ ሲያበቃ ግን ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ ተነጋግሮ በቃለ ጉባኤ ያሰፈረ እድር ካለም ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የደረሰብንም ተመሳሳይ ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ዓለም የስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ የሚለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጨረሰ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። አስታማሚም ቀባሪም የጠፋበት ቤት ብዙ ነበር። ከዚያ መከራ ለእኛ የተረፈው ኅዳር 12 ቀን፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠሉ ነው። ጽዳቱ የሚደነቅ ነው። ጭሱ ግን፣ በተለይ ፕላስቲክ የሚቃጠልበት የዛሬው ጭስ፣ ጉሮሮ ከማቃጠል በቀር ቫይረስ አያስቆምም። መታወስ የነበረበት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሲተኛ ውኃ የሚያቀብለው ማን እንደሆነ ነበር።

ሰፈር በራሱ ሥርዓት ለወረርሽኝ መዘጋጀቱ ሊሠራ እንደሚችል ከምሥራቅ አፍሪካ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሰሜን ዩጋንዳ ጉሉ ኢቦላ ሲገባ፣ የአቾሊ ሕዝብ ለክፉ ወረርሽኝ ከአያቶቹ የወረሰው ሥርዓት ነበረው። ታማሚው ከሌሎች ራቅ ባለ ጎጆ ብቻውን ይቀመጣል፤ ከተቻለ ከበሽታው የተረፈ ሰው ያስታምመዋል፤ በሽታው ያለበት ቤት በረጅም የሣር አገዳ ምልክት ይደረግበታል፤ ጭፈራና ድግስ ይቆማል፤ የዳነ ሰውም ከሰው ከመቀላቀሉ በፊት አንድ ወር ይቆያል። ሥፍራው ድረስ ሄደው ያጠኑ የማኅበረሰብ ተመራማሪዎች ይህ ሥርዓት ዘመናዊው ሕክምና ከሚያዘው ጋር በአብዛኛው እንደሚገጥም መዝግበዋል። ሽማግሌዎች ያወጁት በመሆኑም ሰው ያለ ፖሊስ ተቀበለው። የእኛ እድሮችም ቢሆኑ ለዚህ አዲስ አይደሉም። ኤችአይቪ ብዙ ቤት ባፈረሰበት ዘመን በርካታ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው፣ ከመቅበር አልፈው የታመመ መጠየቅ፣ ማስታመምና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀምረዋል። ያን ጊዜ ከሞት ወደ ሕይወት የተሻገረው ደንብ ዛሬም አንድ አንቀጽ መጨመር አያቅተውም።

አንቀጹ ምን ይበል? ከሁሉ በፊት፣ የጤና ቢሮ ወረርሽኝ መኖሩን ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ ከቀብርና ከለቅሶ መቅረት የማያስቀጣ መሆኑን በግልጽ ይደንግግ። ቀጥሎ ተገልለው የሚቀመጡ ቤተሰቦችን ጉዳይ ይያዝ። ማርበርግ ከተጋለጠ ሰው ላይ ምልክቱ እስኪታይ እስከ 21 ቀን ሊወስድ ስለሚችል አንድ ቤት ሦስት ሳምንት በሩን ሊዘጋ ይችላል። የሦስት ሳምንት እህልና ውኃ ደግሞ በምክር አይመጣም። ምግቡን አብስሎ፣ ጀሪካኑን ሞልቶ ደጃፍ ላይ የሚያኖር፣ በየማለዳው ደውሎ «እንዴት አደራችሁ» የሚል ሰው ስሙ ቀድሞ ተጽፎ መታወቅ አለበት። የቀን ሠራተኛ የሆነ አባል ከእድሩ ሣጥን ሊበደር የሚችለው መጠንም እንዲሁ። የሴቶች እድር በዚህ ውይይት ከጓዳ ወጥቶ ከጠረጴዛው መቀመጥ ይኖርበታል፤ በየቤቱ የምታስታምመው፣ ስለዚህም ቀድማ የምትጋለጠው ሴት ናትና። የወንዶች ጉባኤ ብቻውን የሚያወጣው ደንብ ጎደሎ ነው።

የቀብሩ ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል፣ ረጋ ብሎ መነጋገርም ይሻል። አስከሬኑን የሚነኩት የሠለጠኑና መከላከያ የለበሱ ሰዎች ብቻ ይሁኑ። ይህ ማለት ግን ሟች ያለ ጸሎት ይሸኝ ማለት አይደለም። ቄሱ ከርቀት ሊፈቱት፣ ኢማሙም የጀናዛ ሶላቱን ከርቀት ሊያሰግዱ ይችላሉ፤ ጥቂት የቅርብ ዘመዶች ቆመው ሊያዩ፣ ሰፊው ለቅሶ ደግሞ ወረርሽኙ ሲያበቃ በአርባው ወይም በሙት ዓመቱ ሊደረግ ይችላል። በዚህ ላይ የደብሩ አስተዳዳሪና የመስጊዱ ኢማም ዛሬ ከተስማሙ፣ የኀዘኑ ቀን በሬሳ ላይ ክርክር አይነሳም።

ቤተሰብም የራሱ ድርሻ አለው። ሰው ቢታመም የትኛው ክፍል እንደሚለቀቅለት፣ ከቤቱ ማን ብቻ እንደሚያስታምመው፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ለስንት ሳምንት እንደሚበቃ ተቀምጦ መነጋገር ወጪ የለውም። ስንቅ ማኖርም ቢሆን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና ቆሎ ለክፉ ቀን የሚቀመጡ ናቸው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለእጅ መታጠቢያ የተለየ ጀሪካን መለየት፣ አምስት በመቶ በሆነ በረኪና አንዱን እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅሎ ወለልና ዕቃ ማጽጃ እንደሚዘጋጅ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ድብልቅ ለገላ አይደለም። ደም መፍሰስ ወይም ብርቱ ትኩሳት ያለበትን ሰው ግን ቤት ውስጥ ለማስታመም መሞከር ስህተት ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2024 ማርበርግ ሲገባባት ከ66 ታማሚዎች የሞቱት 15 ነበሩ፤ ይህ ለዚህ በሽታ እጅግ ዝቅተኛ ቁጥር የሆነው ታማሚዎቹ በጊዜ ተገኝተው በሚገባ ስለታከሙ ነው።

ይህ ሐሳብ ተቃውሞ እንደሚገጥመው እናውቃለን። «ክፉ አታውሩ፣ ሟርት ነው» የሚሉ አሉ። እድር ግን ራሱ ሞት ሳይመጣ ለሞት የሚዋጣበት ማኅበር ነው፤ በየወሩ መክፈላችን ማንንም አልገደለም። «ወረርሽኝ መከላከል የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለው የበለጠ ክብደት አለው፣ እኛም አንክደውም። ላቦራቶሪው፣ የሕክምና ማዕከሉ፣ የመከላከያ አልባሳቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደመወዝ የመንግሥት ግዴታዎች ናቸው፤ እድር ሊተካቸው አይችልም፣ ሊተካቸውም አይገባም። ነገር ግን የመጀመሪያው ታማሚ ተመርምሮ እስኪታወቅ የሚያልፉትን ቀናት የሚሸፍን ከጎረቤት በቀር ማንም የለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበናል። እድር የቀበሌ ጆሮ ይሆናል፣ የታመመን ጠቁሞ ያሳስራል የሚለው ፍርሃት ከባዶ የመነጨ አይደለም። ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 በሞንሮቪያ የሚሞቱት ሁሉ አስከሬናቸው እንዲቃጠል ስታዝ፣ ቤተሰቦች ታማሚዎቻቸውን መደበቅና በድብቅ መቅበር ጀመሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት የቀብር መመሪያውን የቤተሰብን ክብርና የሃይማኖት አባቶችን ድርሻ እንዲጠብቅ አድርጎ ያወጣው ከዚህ ዓይነቱ ልምድ ተምሮ ነው። ስለዚህ የጤና ቢሮዎች እድሮችን ማዘዝ ሳይሆን ማሠልጠንና ጓንት፣ ሳሙና፣ በረኪና ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። እድሩም ታማሚን ለጤና ባለሙያ ያስታውቃል እንጂ ለሌላ ለማንም ስም አይሰጥም፤ ይህም በአንቀጹ ይጻፍ። የእድር ሀብቱ መታመኑ ነው። እርሱን ካጣ ድንኳኑም አያስጠልልም።

አንድ እውነተኛ ጉድለት አለ። በከተሞቻችን ብዙ ተከራይና የቀን ሠራተኛ የማንም እድር አባል አይደለም፤ በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ሰው የመግቢያ ክፍያውን አይችለውም። የእነርሱን በር የሚያልፍ ዝግጅት የአባላትንም ቤት አያድንም። የወረርሽኙ አንቀጽ መዋጮ የከፈለና ያልከፈለ ሳይል በሰፈሩ የሚኖረውን ሁሉ ሊያካትት፣ በኮንዶሚኒየምም የእያንዳንዱን ብሎክ ነዋሪ ስልክ ሊይዝ ይገባል። ወጪ ያስከትላል የሚል አባል ሊነሳ ይችላል። ጎረቤቱ ተደብቆ ሲታመም የሚያስከትለው ወጪ ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

የእድር ሊቀመንበሮች፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች ሆይ፣ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችሁ የመዋጮ መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት ይህን አጀንዳ አንሱ። የሴቶች እድር ተወካዮችን፣ የአካባቢያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ቄሱንና ኢማሙን ጥሩ። ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ አይጠበቅባችሁም። በወረርሽኝ ጊዜ ከቀብር መቅረት እንዳያስቀጣ የሚደነግገውን ዐረፍተ ነገር ግን በዚያው ቀን ጽፋችሁ አጽድቁት።