ገበያው ባሕር ማዶ ሲዘጋ

አንባቢ ሆይ፥ የባሕር ማዶ ንግድ ለጉለሌ ሰው ምኑ ነው የሚሉኝ እንደ ሆነ፥ አንድ ቀን ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ወደ ሽሮ ሜዳ ብቅ ይበሉ። በግራና በቀኝ የተሰቀለውን ቀሚስና ነጠላ በሩቁ ሲመለከቱት ሁሉም የአንድ እጅ ሥራ ይመስላል። ቀረብ ብለው ጥበቡን ገልበጥ አድርገው ቢያዩት ግን ልዩነቱ ይታይዎታል። ሸማኔው የሠራው ጥበብ ክሩ በጀርባው በኩልም ይታያል፤ በባሕር ማዶ ፋብሪካ በቀለም የታተመው ግን የሚያምረው ፊቱ ብቻ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ርካሽ ነው። ገዢ ኪሱን አይቶ ይገዛል፤ በዚህ ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን ወላጆቹ ከጋሞ ደጋ መጥተው በዚህ ሰፈር መሸመኛቸውን የተከሉት ሰው፥ የለፋበት ጥበብ ሳይሸጥ ሲከርምበት፥ ከሥራ ያሰናበተው ጌታ የለም፤ የስንብት ደብዳቤም አልደረሰውም። እንዲያው በጸጥታ ሥራው ይቀራል። ልጁም ከትምህርት ቤት በጸጥታ ይቀራል፤ ይህን እኔ ስም በምጠራበት ደብተር ላይ አየዋለሁ።

ስለ ሸማኔው ኋላ እመለሳለሁ። ዛሬ በተለይ ልጽፍልዎ ያሰብሁት ደብዳቤ ስለሚደርሳቸው ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ነው። ገበያው በባሕር ማዶ የተዘጋበት ሠራተኛ የዕለት እንጀራውን ማንን ይጠይቅ?

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።) አሜሪካ በ1992 ዓ.ም. አጎዋ የተባለውን ሕግ አወጣች። ሕጉ ከተመረጡ የአፍሪካ አገሮች የሚሄደው ልብስና ሌላም ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሚፈቅድ ነው። ቀረጡም ቀላል አይምሰልዎ፤ በመደበኛው የአሜሪካ ደንብ የጥጥ ካናቴራ 16.5 በመቶ፥ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ደግሞ 32 በመቶ ይከፈልበታል። አገራችንም ይህን ተስፋ በማድረግ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ሠራች፤ በአዲስ አበባ ቦሌ ለሚ፥ ቀጥሎም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳው ይገኙባቸዋል። ከዚያም በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፥ የሰብዓዊ መብት ጥሰትን ምክንያት በማድረግ፥ የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ አስወጣት። ውሳኔው ገና በሥራ ላይ ሳይውል፥ በኅዳር ወር፥ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉትን ልብሶች የሚሸጠው ፒ.ቪ.ኤች. የተባለ ኩባንያ በሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካውን መዝጋቱን አስታወቀ። ሌሎችም ሠራተኛ ቀነሱ።

ስለ ጦርነቱ በዚህ ገጽ ልከራከር አልፈልግም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ኮሌታ ስትሰፋ የነበረችው ልጅ ጦርነቱንም አልጀመረችም፥ የቀረጡንም ደንብ አልጻፈችም። (ለነገሩ የአሜሪካ ኤምባሲ የሚገኘው ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው በዚያው መንገድ ላይ ነው።)

የአንዲት ተማሪዬ እናት በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ አራት ዓመት ከሠሩ በኋላ፥ ትእዛዝ ቀርቷል ተብሎ ባለፈው ዓመት ተቀነሱ። የፋብሪካውን ስም መጥራት አያስፈልግም። ደብዳቤውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት መጡና፥ «መምህር፥ የሚገባኝ ሁሉ እዚህ ላይ ተጽፏል ወይስ የቀረ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። የሆነ ሆኖ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ በኩል ከሒሳብ የራቀ አይደለም።

በወር 3,000 ብር እያገኘ አራት ዓመት የሠራ ሰው እንውሰድ። የቀን ደመወዙ 100 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፥ ማለት 3,000 ብር ይታሰብለታል። ለሚከተሉት ሦስት ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚህ ሲሶ፥ 1,000 ብር ይጨመራል፤ ይህ 6,000 ብር ሆነ። የተሰናበተው ድርጅቱ ስለ ተዘጋ ወይም ሠራተኛ ስለ ቀነሰ እንደ ሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ፥ ሌላ 6,000 ብር ይገባዋል። ጠቅላላው 12,000 ብር፥ የአራት ወር ደመወዝ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ሊሰጠው ይገባል። በወይዘሮዋ ደብዳቤ ላይ የስድሳው ቀን አልነበረም፤ ተመልሰው ጠየቁ፥ ተከፈላቸውም። ደስ አላቸው። ቀጥለው ግን «ከአራት ወር በኋላስ?» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፥ ለዚህ ጥያቄ በአዋጁ ውስጥ መልስ የለም። አዋጁ ዕዳውን ሁሉ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ አሠሪው ደግሞ በዚያች ቀን ገበያ የጠፋበት ሰው ነው። የሠራተኛ ገንዘብ ከሌላ ዕዳ ሁሉ ይቀድማል የሚል ሕግ አለ፤ መልካም ሕግ ነው። ዳሩ ግን ካዝናው ባዶ ከሆነ መቅደሙ ምን ይረባል? በፓርክ ውስጥ ያለ ፋብሪካ አዳራሹን የሚከራይ ነው፤ ሲሄድ አዳራሹ አይሸጥለትም። ጡረታ አለ ይሉኝ ይሆናል፤ ጡረታ ግን ለሽምግልና፥ ለጉዳትና ለሞት የታሰበ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የከተማ ሴፍቲኔትም የቤተሰብን ድህነት መዝኖ የሚመርጥ እንጂ፥ ትናንት ደመወዝተኛ የነበረን ሰው ዛሬ በሩን ቢያንኳኳ ተቀባይ አይደለም። የሥራ አጥነት ኢንሹራንስ የሚባለው ነገር በአገራችን የለም።

ይህን ጉዳይ ቀድመው ያሰቡበት እነዚያው አሜሪካኖች ናቸው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጥቅምት 1 ቀን 1955 ዓ.ም. በፈረሙት የንግድ ሕግ ውስጥ፥ የውጭ ዕቃ በመግባቱ ሥራውን ያጣ ሠራተኛ ከመንግሥት ገንዘብና ሥልጠና እንዲያገኝ ተደነገገ። አሳቡ ቀና ነበር፤ አገር በሙሉ በርካሽ ዕቃ የሚጠቀም ከሆነ፥ የተጎዱትን ሰዎች አገር በሙሉ ይካሳቸው ነው። ነገር ግን አመልካቹ ጉዳቱ የደረሰበት ቀረጥ በመቀነሱ ምክንያት መሆኑን እንዲያስረዳ ይጠየቅ ነበርና፥ እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ አንድም የሠራተኞች ማመልከቻ አልተፈቀደም። ሰባት ዓመት ሙሉ! በ1967 ዓ.ም. በወጣው ሌላ ሕግ ደንቡ ላላ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ሥልጠና አገኘ፥ ሥራ ፍለጋ የሚሄድበት ወጪ ተከፈለለት። ይህም ቢሆን ፈቃዱ ሳይታደስ ቀርቶ ሰኔ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አመልካች መቀበሉ ቆመ። ልብ ይበሉ፤ የሐዋሳዋ ልጅ ገበያዋን፥ የአሜሪካው ሠራተኛም ይህን ካሣ ያጡት በአንድ ዓመት ነው። እርሱ ግን ሥራው የጠፋው በውጭ ንግድ ምክንያት መሆን አለመሆኑን ሳይጠይቅ የሚረዳው ተራ የሥራ አጥነት ኢንሹራንስ ቀርቶለታል፤ እርሷ ያ የላትም።

እኛም ለዚህ ጉዳይ አዲሶች ነን አንልም። ኬኔዲ በፈረሙበት በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1956 ዓ.ም. ስለ አሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፥ አዋጆችም ተሻሽለዋል፤ ይህ ቀዳዳ ግን ስድሳ ዓመት አልፎትም አልተደፈነም።

በእኔ አስተያየት መነሻው በእጃችን ነው። ከግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ፥ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ይገባል። ስለዚህ ስሙም፥ ደመወዙም በመዝገብ አለ። በዚያው መዝገብ ላይ ለሥራ አጥነት 1 በመቶ ቢጨመር፥ ባለ 3,000 ብሩ ሠራተኛ ድርሻ 30 ብር ነው፤ የመቶ ሠራተኞች 30 ብር ደግሞ የአንድ ሥራ ያጣ ሰው የወር ደመወዝ ይሆናል። በዚህ ደመወዝ ላይ 30 ብርም ትከብዳለች ለሚለኝ ሰው እውነት አለው እላለሁ፤ ስለዚህ አሠሪውና መንግሥት ይክፈሏት። ገንዘብን ለሠራተኛ ማድረስ አይቻልም እንዳንል፥ በኮሮና ጊዜ ከጀርመን መንግሥት በተገኘ ገንዘብ፥ በዓለም የሥራ ድርጅት አማካይነት፥ ለጨርቃ ጨርቅና ለልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች የደመወዝ ድጎማ ተከፍሏል። መንገዱ ተሞክሯል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፤ ሠራተኛው ሥራዬን የወሰደብኝ የውጭ አገር ንግድ ነው ብሎ እንዲያስረዳ አይጠየቅ። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ የትኛዋ ደንበኛው የታተመውን ጨርቅ እንደ ገዛች በምን ያስረዳል? እርሱ በማንም የደመወዝ መዝገብ ስለሌለ ለጊዜው ከዚህ ገንዘብ ውጭ ይቀራል፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። በማኅበር ተደራጅቶ መዋጮውን በማኅበሩ በኩል የሚከፍልበት መንገድ እስኪገኝ ድረስ፥ ቢያንስ የእጅ ሥራ የሆነውና የታተመው በገበያ ተለይተው እንዲሸጡ ቢደረግ፥ ገዢ የሚገዛውን ያውቃል።

እስከዚያው ድረስ ደብዳቤ የደረሰዎት ሰው ካሉ፥ ድርጅቱ ገንዘብዎን በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሊከፍልዎ ይገባል። የደመወዝ ወረቀትዎንና የቅጥር ውልዎን አይጣሉ። የተከለከሉት ነገር ካለ በ6 ወር ውስጥ ካልከሰሱ ይታገድብዎታል፤ ቀኑም የሚቆጠረው ከተሰናበቱበት ዕለት ጀምሮ ነው።