እርዳታና ችኮላ

እባብ የሚለው ስም ሲነሣ በብዙዎቻችን ልቡና ቀድሞ የሚደርሰው ፍርሃት ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረታችንም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። በገጠርም ሆነ በከተማ እባብ ብቅ ሲል ቶሎ የሚፈለገው ዱላ ነው። ይሁን እንጂ በአሜሪካና በአውሮፓ አገሮች ውሻና ድመት እንደሚያሳድጉት ሁሉ፣ እባብን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አኑረው የሚመግቡና የሚንከባከቡ ብዙ ሰዎች አሉ። እናንተ የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች እባብ የማሳደግ ሐሳብ ምናልባት የላችሁ ይሆናል። ቢሆንም እነዚህ ሰዎች በየጊዜው የሚገጥማቸው አንድ ችግር ልንወያይበት የሚገባ ቁም ነገር አለው። እባቡ አሮጌ ቆዳውን አውልቆ መጨረስ ሲያቅተው አሳዳጊው ምን ማድረግ ይገባዋል? የእኔ አስተያየት አጭር ነው፤ አሳዳጊው ለእባቡ የጎደለውን ያሟላለት፤ የእባቡን ሥራ ግን ነጥቆ አይሥራ።

ይህን ያልሁበትን ምክንያት ከመዘርዘሬ በፊት የነገሩን ጠባይ ላስረዳ። የእባብ የላይኛው ቆዳ ያረጃል፤ ከሰውነቱም ጋር አብሮ አያድግም። ስለዚህ በየጊዜው መለወጥ አለበት። ወጣት እባብ ፈጥኖ ስለሚያድግ ቶሎ ቶሎ ይለውጣል፤ ያደገው ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ጊዜው ሲደርስ ከአሮጌው ቆዳ ሥር አዲስ ቆዳ ይዘጋጃል፤ በሁለቱ መካከልም ፈሳሽ እየገባ ያላቅቃቸዋል። በዚህ ጊዜ የእባቡ መልክ ይደበዝዛል፤ ዓይኖቹም ወተት የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። እባብ እንደ እኛ የሚከደንና የሚገለጥ የዓይን ቆብ የለውም። ዓይኑን የሚሸፍነው እንደ መነጽር የጠራ አንድ ቅርፊት ነው፤ ይህም ቅርፊት ከቆዳው ጋር አብሮ ይለወጣል። ዓይኖቹ ለጥቂት ቀናት ደብዝዘው ከቆዩ በኋላ እንደገና ይጠራሉ። ከዚያም ጥቂት ቀናት ቆይቶ እባቡ አፍንጫውን ከሻካራ ነገር ጋር እያሻሸ በከንፈሩ ዙሪያ ያለውን ቆዳ ይቀድዳል። ወደፊት እየተሳበ ሲወጣም አሮጌው ቆዳ፣ ከእግር እንደሚወልቅ ካልሲ እየተገለበጠ፣ ከራሱ እስከ ጅራቱ ጫፍ ሳይቆራረጥ በኋላው ይቀራል። ጤናማ እባብ ይህን ሁሉ የሚፈጽመው ያለማንም ረዳት ነው።

ታዲያ ችግሩ ከየት ይመጣል? ምሳሌ እንውሰድ። በቤት ከሚያድጉት እባቦች መካከል በጣም ከተለመዱት አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ ፓይተን ሬጂየስ፣ ማለትም «ንጉሣዊ ዘንዶ» የሚባለው ነው። ይህ ዘንዶ መርዝ የለውም፤ ሲደነግጥም ራሱን በመካከል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። የትውልድ ሥፍራው ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ሲሆን፣ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በብዛት ወደ ውጭ አገር ሲላክ ኖሯል። በትውልድ ሥፍራው አይጦች በማሱት ጉድጓድ ወይም በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ይጠለላል። የእነዚህ መጠለያዎች አየር ከውጭው አየር ይልቅ እርጥበት አለው። ስለሆነም ድርቀት ሲሰማው ወደ ጥልቁ ይገባል፤ ሙቀት ሲያሻው ይወጣል፤ ምርጫው የራሱ ነው።

ይኸው እንስሳ በሰሜን አሜሪካ በብርድ ወራት በማሞቂያ በሚሞቅ ቤት ውስጥ ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። ብርዱ ሲበረታ የሞቀው የቤት አየር ለሰው ቢመችም በጣም ደረቅ ይሆናል። በሣጥኑ ላይ የተሰቀለው መብራትም ድርቀቱን ያባብሰዋል። ለዚህ ዘንዶ በሣጥኑ ውስጥ ያለው የአየር እርጥበት 60 በመቶ ያህል፣ ቆዳ በሚለውጥበት ጊዜ ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ መሆን ይገባዋል። እርጥበቱ ሲያንስ አሮጌው ቆዳ ከአዲሱ ጋር ተጣብቆ ይደርቃል፤ በአንድነት መውጣቱ ቀርቶም እየተቆራረጠ ይወልቃል። ከፊሉ በጀርባው፣ ከፊሉ በጅራቱ ጫፍ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ በዓይኖቹ ላይ ይቀራል።

አሳዳጊው ይህን ሲያይ ያዝናል፤ እጁንም ወዲያው ይዘረጋል። «የቀረውን ቆዳ በጣቴ ወይም በወረንጦ ብልጠው ምን አለበት?» ይላል። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ድርጊቱን ግን እቃወማለሁ። በደረቁ የተጣበቀ ቆዳ ተጎትቶ ሲነሣ ከሥሩ ያለውን ለጋ ቆዳ ሊያቆስል ይችላል፤ ቁስሉም ለበሽታ በር ይከፍታል። በዓይን ላይ የቀረውን ቅርፊት መጎተት ደግሞ ዓይኑን እስከማጥፋት ሊያደርስ ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የጠፋ ዓይን ግን አይለቀምም።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «ተፈጥሮ ራሷ ታውቅበታለች፤ ተዉት» ይላሉ። ይህም ክርክር ውድቅ ነው። ተፈጥሮ ለእባቡ የሰጠችው ጉድጓድ በመስተዋት ሣጥኑ ውስጥ የለምና። በጅራቱ ጫፍ ላይ እንደ ቀለበት የቀረ ደረቅ ቆዳ ቸል ከተባለ እየጠበቀ የደም ዝውውር ያግዳል፤ በመጨረሻም ጫፉ ሞቶ ሊቆረጥ ይችላል። እንግዲህ ችኮላ ዓይን እንደሚያሳጣ ሁሉ ቸልታም ጅራት ያሳጣል።

ትክክለኛው እርዳታ ከሁለቱ መካከል ነው። የእባቡ ዓይኖች ሲደበዝዙ አሳዳጊው ማንሣቱንና ማገላበጡን ይተው፤ በዚያን ጊዜ እባቡ በደንብ ስለማያይ በቀላሉ ይደነግጣል። የሣጥኑን እርጥበት በግምት ሳይሆን በመለኪያ ይወቅ። ጠባብ መግቢያ ባለው ዕቃ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ የጉድጓድ ምትክ ያዘጋጅለት፤ የሚታሽበትም ሻካራ እንጨት ወይም ድንጋይ ያኑርለት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ቆዳው ተቆራርጦ ቢቀር፣ ከእባቡ ውፍረት በማይበልጥ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ያኑረው፤ በዚህም ጊዜ ከአጠገቡ አይለይ። ከዚያም እርጥብ ፎጣ በእጁ ይዞ እባቡ በፎጣው እጥፋት ውስጥ እንዲሳብ ያድርግ። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ፎጣው ቆዳውን ይይዛል እንጂ የሚጎትተው እባቡ ራሱ ነው። በዓይን ላይ የቀረው ቅርፊት ግን እርጥበቱ ተሟልቶለትም አልላቀቅ ቢል፣ ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪም እንጂ የአሳዳጊው አይደለም። እርጥበቱ ተስተካክሎ ችግሩ ቢደጋገምም ደም መጣጭ ተባይ ወይም ሌላ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ሐኪም መርምሮ ይወቀው።

«ይህ ሁሉ ድካም ላንድ እባብ?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። መልሴ እንዲህ ነው። በዱር ያለ እባብ ከሰው አንዳች ዕዳ አይጠይቅም። በሣጥን የተዘጋበት ግን ጉድጓዱን፣ እርጥበቱንና ምርጫውን የወሰደበት ሰው ነው፤ ስለዚህ የወሰደውን መመለስ ግዴታው እንጂ ችሮታው አይደለም። ግዴታውም ያንድ ሰሞን አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማኖሪያ ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በላይ እንደሆነ የተገመተ አንዲት ንጉሣዊ ዘንዶ እንቁላል ጥላለች። ይህን ለሚያህል ዘመን የአየር እርጥበት እየለካ ለመኖር ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ከመጀመሪያውም እባብ ባያሳድግ ይሻላል።

እናንተም ከድንጋይ ካብ ሥር ወይም ከቁጥቋጦ መካከል እባብ ትቶት የሄደውን ቆዳ ብታገኙ፣ እባቡ በአቅራቢያው አለመኖሩን አረጋግጣችሁ ራሱ በነበረበት በኩል ያለውን ጫፍ ተመልከቱ። ሁለት ክብ፣ የጠሩና ስስ የሆኑ የዓይን ቅርፊቶች ሳይቀደዱ ታገኙ ይሆናል። እነዚያን ማንም እጅ አልላጣቸውም። እባቡ የሚያሻውን እርጥበትና ሻካራ ነገር ስላገኘ ብቻ ራሱ አውልቋቸው ሄዷል።