እንቁራሪትን በመልኳ ብቻ አንሰይማት

ስም ማውጣት የዕውቀት መጀመሪያ ነው ይባላል። ዓይን ብቻውን መስክሮ ያወጣው ስም ግን ዕውቀት ሳይሆን ግምት ሊሆን እንደሚችል አንዲት ትንሽ እንቁራሪት ታስረዳናለች።

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ቆዳዋን ከግራጫ ወደ አረንጓዴ የምትለውጥ «ግራጫ የዛፍ እንቁራሪት» አለች። በዚያ አገር ሰዎች በመስታወት ሣጥን ውስጥ እየመገቡ በቤታቸው ያኖሯታል። በዚህ ስም የሚጠሩት ግን ሁለት ዝርያዎች ናቸው፤ ቨርሲከለር እና ክራይሶሴሊስ ይባላሉ። በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ አይቶ መለየት አስተማማኝ አይደለም። ልዩነቱ ያለው በውስጣቸው ነው፤ ተመራማሪው አሮን ዋሰርማን እ.ኤ.አ. በ1970 ይፋ እንዳደረገው ቨርሲከለር አራት እጥፍ የክሮሞሶም ስብስብ አለው። ቁጥሩም 48 ሲሆን የክራይሶሴሊስ 24 ብቻ ነው።

ታዲያ ክሮሞሶም የሚቆጥርበት ቤተ ሙከራ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? እዚህ ላይ ፊዚክስ ይረዳዋል። ወንዱ እንስቷን የሚጠራበት ድምፅ ተከታትለው የሚመጡ አጫጭር ምቶች ስብስብ ነው። በእኩል የሙቀት መጠን ሲነጻጸሩ፣ ክራይሶሴሊስ በአንድ ሴኮንድ የሚያሰማቸው ምቶች ከቨርሲከለር በእጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። ይሁን እንጂ የእንቁራሪት የሰውነት ሙቀት ከአካባቢዋ ጋር ስለሚለዋወጥ፣ ምሽቱ ሲሞቅ ምቱ ይፈጥናል፤ ሲቀዘቅዝም ይዘገያል። በሞቃት ምሽት የሚጮኽ ቨርሲከለር በቀዝቃዛ ምሽት ከሚጮኽ ክራይሶሴሊስ ጋር ሊምታታ ይችላል። ስለዚህ የሙቀት መጠን ያልተመዘገበበት የድምፅ ቅጂ ግማሽ ማስረጃ ነው እንላለን። ይህን ጥሪ የማታሰማውን፣ መገኛዋም የማይታወቀውን እንስትማ «ከሁለቱ አንዷ ናት» ብሎ መመዝገብ ከሐሰተኛ እርግጠኝነት እጅግ ይሻላል።

ልጆች ተፈጥሮን እንዲወዱ እንስሳውን በቤት ማኖር ይጠቅማል የሚሉ አሉ። ፍቅሩን አንነቅፍም። ነገር ግን ማንነቷና መገኛዋ ያልታወቀ እንቁራሪት ስትሰለች ወደ ሜዳ ብትለቀቅ፣ የማይገባትን ሥፍራ ልትወርስ፣ በሽታም ልታዛምት ትችላለች። በዓለም ዙሪያ እንቁራሪቶችን የፈጀው ኪትሪድ የተባለው ፈንገስ እንዲሠራጭ የሕያዋን እንስሳት ንግድ አስተዋጽኦ ማድረጉ ይታወቃል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋማ ሥፍራዎች ከሚኖሩት ፕቲካዴና ከሚባሉት የሣር እንቁራሪቶች ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ ኒውማኒ በሚል አንድ ስም ሲጠሩ ቆይተዋል። ከዚህ ስብስብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ሦስት፣ በ2021 ደግሞ አራት አዳዲስ ዝርያዎች ለሳይንስ ተገልጸዋል። የ2021ዱ ጥናት ዘረ መልን፣ የአካል ልኬትንና ድምፅን አጣምሮ የተመለከተ ነበር። ስም አጥቶ የኖረ ዝርያ ደግሞ ረግረጉ ሲታረስ ወይም ሲደርቅ የሚሟገትለት አያገኝም።

ስለሆነም ተማሪዎቻችን እንቁራሪትን ወደ ቤት ከማምጣት ይልቅ ወደ ረግረጉ ወርደው እንዲያዳምጡ እንመክራለን። ተንቀሳቃሽ ስልክ ድምፁን ይቀዳል፤ ቴርሞሜትር ሙቀቱን ይለካል፤ ደብተር ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይይዛል። እንቁራሪቷ በሥፍራዋ ትቆይ፤ ልኬቷ ግን ከእኛ ጋር ይምጣ።