ትኩሳቱ ለቆ ድካሙ ሲቀር

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ ሲኬድ፣ ባኮ ሳይደረስ እጃጂ አለች። አዳዳዬ፣ የአባቴ እህት፣ እዚያ እንጀራ እየጋገረች ነው ሦስት ልጆች ያሳደገችው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ኮሮና ይዟት ዐሥር ቀን ተኝታ ተነሣች። ተነሣች የምንለው ትኩሳቱ ስለለቀቃት ነው።

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ስትጋግር አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ሊጡን ምጣዱ ላይ አዙራ አክምባሎውን ትከድንና ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ትጨፍናለች። እንፋሎቱ ሲወጣ ትነሣለች። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ማገዶውን ጎትታ እሳቱን አዳፈነች፤ የቦካው ሊጥ ገና ግማሽ ነበር። ወዲያው ጎረቤት መጥታ ብትለምናት አልችልም ማለቱን አፍራ አምስት ጨመረች። ያን ቀን ደኅና አመሸች። በማግሥቱና በሠልስቱ ግን ከአልጋ አልወረደችም።

ያልተባለችው የለም። ታይፎይድ፣ ታይፈስ፣ ጨጓራ፣ ነርቭ። የታዘዘላትን ሁሉ ዋጠች፣ ፀበልም ተጠመቀች። በመጨረሻ አንድ ክሊኒክ «ምንም የለብሽም፣ ሐሳብ ነው» ብሎ ሸኛት። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሰነፈች ተባለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሐኪም አይደለሁም፤ ሕመሟ ይህ ነው ብዬ አልፈርድም። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ፣ ቲቢ፣ ስኳር ቀድመው መታየት አለባቸው። ነገር ግን ከኢንፌክሽን በኋላ የሚቀር፣ ተኝተው ቢያድሩ የማይለቅ፣ ትንሽ ሲሠሩ በማግሥቱ የሚጥል ድካም በሕክምናው ዓለም የታወቀ በሽታ ነው። ሕሙማኑን አለማመንም አብሮት የኖረ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሮያል ፍሪ ሆስፒታል 292 ሠራተኞች እንዲህ ባለ ሕመም ተይዘው ሆስፒታሉ ለወራት ተዘጋ። ከ15 ዓመት በኋላ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ አገላብጠው «የጅምላ ሂስቴሪያ ነው» ብለው ጻፉ። አንዱ ማስረጃቸው ከታመሙት የሚበዙት ሴቶች መሆናቸው ነበር።

ይህን ሐሳብ ክፉኛ የነቀነቀው ጥናት የተሠራው ዱቦ በምትባል የአውስትራሊያ የገጠር ከተማ ነው። ከከተማዋና ከአካባቢዋ ኢንፌክሽን የያዛቸው 253 ሰዎች ከታመሙበት ጊዜ ጀምሮ ክትትል ተደረገላቸው። አንዳንዶቹን የያዛቸው የኤፕስታይን ባር ቫይረስ ነው፤ ሌሎቹን ትንኝ የምታስተላልፈው የሮስ ሪቨር ቫይረስ፤ የቀሩትን ከከብትና ከበግ የሚመጣው የኪው ትኩሳት ባክቴሪያ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ተሕዋሲው የትኛውም ይሁን፣ 12 በመቶ ያህሉ ከስድስት ወር በኋላም አላገገሙም። ድካሙ ማን ላይ እንደሚቀር አስቀድሞ የጠቆመው የመጀመሪያው ሕመም ክብደት ነበር፤ የሰውየው ጭንቀት ወይም ጠባይ አልነበረም።

ድካሙ ለምን እንደሚቀር ገና እየተፈለገ ነው። ቫይረስ ሲገባ በነጭ የደም ሴሎቻችን ውስጥ ብዙ ጂኖች ሥራ ይጀምራሉ፤ ሰውነት የሚዝለውና የሚቆረጣጠመው በዚያ ውጊያ ነው። ውጊያው ሲያልቅ ጂኖቹ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው መመለስ አለባቸው። ድካሙ በቀረባቸው ሰዎች ላይ አንዳንዶቹ አልተመለሱ ይሆን ብለው የፈተሹ ጥናቶች ልዩነት አግኝተዋል፤ ግን ከጥናት ጥናት እየተለያየ በደም ምርመራ «ይኸው» የሚባልበት ደረጃ አልደረሰም። በ2009 እ.ኤ.አ. በሕሙማኑ ደም ውስጥ አንድ ቫይረስ ተገኘ ተብሎ ብዙዎች ተስፋ አደረጉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ግኝቱን ያወጣው ጽሑፍ ተሰረዘ። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች የ15,579 ሕሙማንን ዘረመል መርምረው፣ ከበሽታው ጋር የተያያዙ ስምንት የዘረመል ቦታዎችን አመልክተዋል።

የዱቦን ሥራ እኛም መጀመር እንችላለን። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል አለው። በወባ፣ በኮሮና፣ በሌላም ትኩሳት ታክሞ የወጣ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ተደውሎለት «ወደ ሥራህ ተመለስክ ወይ?» ቢባል ለመነሻ መዝገብና ስልክ ይበቃል። እስካሁን ስለማንጠይቅ እንዲህ ያሉ ሕሙማን የሉም እንላለን።

አዳዳን ስለ ዱቦ ስነግራት ልጆቿም ይሰሙ ነበር። አሁን ሊጡን የሚያቦኩትና ውኃውን የሚቀዱት እነሱ ናቸው። እሷ ዐሥር ጋግራ እሳቱን ታዳፍናለች። ጎረቤት ጨምሪልኝ ስትል በር ላይ ወጥታ «ዛሬ አልቋል፣ ነገ» የምትለው ትልቋ ልጅ ናት።