አንድ ኮምፒዩተር ለስድስት ተማሪ

በዓመቱ መጀመሪያ ግቢ ስንገባ ከላስታ የመጣን ተማሪዎች በምን እንደታወቅን ታስታውሳላችሁን? በኮምፒዩተር ክፍል ማውሱን እንደ ጦር ጨብጠን በመቆማችን ነው። ተሣቀብን፤ እኛም አብረን ሣቅን። ነገሩ ግን የሚያሥቅ አልነበረም።

በተማርንበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሠራው ኮምፒዩተር አንድ ነበረ። አምስትም ስድስትም ሆነን እንከበዋለን። በቄስ ትምህርት ቤት አንድ ዳዊት ለብዙ ልጅ ሲሆን ከፊት ለፊት የተቀመጠው ፊደሉን ተገልብጦ ማንበብ ይለምዳል ይባላል። ዳዊት በዐይን ይነበባል፤ ኮምፒዩተር ግን በእጅ ካልተነካ አይለመድም። ማውሱን የሚይዘው ደግሞ ሁልጊዜ ያው ደፋሩ ልጅ ነው። እኅቶቻችንና ከሩቅ ቀበሌ የመጡት የሰው ማጅራት እያዩ ሰዓቱ ያልቅባቸዋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። እንግዲህ ፊዚክስ ያወቀ ልጅ ማውስ ባለማወቁ ሊወድቅ ነውን?

የእኛ አሳብ ይህ ነው፤ ኮምፒዩተር ይጨመርልን ብሎ ከመጮህ በፊት አንዱን በደንብ እናካፍል። ሰው ሲጽፍ የማሽኑ አንጎል አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ የሚቀጥለውን ፊደል ይጠብቃል። ይህን የሚባክን ጊዜ ለብዙ ሰው ማደል አዲስ ነገር አይደለም። ኮምፒዩተር እጅግ ውድ በነበረበት ዘመን፣ በ1961 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ሠርተው አሳይተውታል። አይቢኤም በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቪኤም/370 ደግሞ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የግሉ ኮምፒዩተር ያለው እስኪመስለው ድረስ አንዱ ማሽን ተከፋፈለ። ይህን በፕሮግራም ብቻ የቆመ ኮምፒዩተር ባለሙያዎች ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። ዛሬም ታላላቅ ኩባንያዎች የሚያከራዩት ኮምፒዩተር አብዛኛው እንዲሁ የተከፋፈለ ነው። ታዲያ እኛ ብናደርገው «የድኻ ብልሃት» የሚባለው ለምንድን ነው?

ሒሳቡ ቀላል ነው። 32 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ጠንካራ ኮምፒዩተር ለስድስት ተማሪዎች አራት አራት ቢያድል 24 ይሆናል፤ ለዋናው ማሽን ለራሱ 8 ይተርፈዋል። ስድስት ስክሪን፣ ስድስት ኪቦርድ፣ ስድስት ማውስ፣ ከዋናው ጋር የሚያገናኝ ኬብል ያስፈልጋል። ብቻውን መሥራት ያቃተው አሮጌ ኮምፒዩተር እንኳ ለማገናኛነት ያገለግላል። ሊነክስና በውስጡ ያለው ኬቪኤም በነፃ ይገኛሉ። አንዱ ልጅ የራሱን ቢያበላሽ የጎረቤቱ አይነካም። በፍላሽ ዲስክ የሚገባው ቫይረስ፣ ያ የየትምህርት ቤቱ መቅሠፍት፣ ቢመጣም ማታ ሁሉን ወደ ጠዋቱ ንጹሕ ቅጂ መመለስ ይቻላል። መምህሩም ስድስት ከመጠገን አንድ ይጠብቃል። ከላሊበላ ተነሥቶ ባለሙያ ፍለጋ በጋሸና በኩል ወልድያ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል።

«አንዱ ማሽን ከሞተስ?» የሚሉን አሉ፤ እውነት አላቸው። በመቀናጆ ያረሰ ሁሉ ያውቃል፤ የባልንጀራው በሬ ከታመመ የእርሱም በሬ ቆሞ ይውላል። ስለዚህ የየቀኑን ሥራ ሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥና ገንዘብ ከተገኘ ሁለተኛ ማሽን ለመጠባበቂያ ማስቀመጥ ግድ ነው። ስድስቱም ባንድ ጊዜ ቪዲዮ ቢከፍቱ ይንቀረፈፋል፤ ለመጻፍ፣ ለሒሳብ፣ ለፈተና ልምምድ ግን ይበቃል። መብራቱም አለ። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላሊበላ ሲደርስ ከተማይቱ ለብዙ ወራት ጨለማ ውስጥ ቆይታለች። ለዚያ ዐይነቱ ጨለማ የእኛ አሳብ መድኃኒት የለውም። ለተራው መቆራረጥ ግን አንድን ማሽን በባትሪ መደገፍ ስድስትን ከመደገፍ ይቀላል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ቀዳሚዎቻችን በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ዓመት ሙሉ በየአውራጃው ሲያስተምሩ ቆይተዋል። እኛ ከማኅበራችን የምንጠይቀው የክረምቱን ሁለት ሳምንት ነው። በየመጋዘኑ አቧራ የሚጠጡት አሮጌ ኮምፒዩተሮች እንዲሰጡን ማኅበሩ ደብዳቤ ይጻፍልን፤ ማመላለሱን እኛው እንችለዋለን። ወደ ላስታ የምንወጣው ከሰኔ ፈተና በኋላ ስለሆነ መሄድ የሚፈልግ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ። ኬብል መግጠም የሚችል በተለይ ይፈለጋል፤ ከእኛ መካከል ገና አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።