ባሕር በ60 ሊትር

የተሳቀበት ልጅ ትክክል ነው። ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሳቁበት ሰዎች ተሳስተዋል። ይህን ዓምድ እንደሚያነቡ ስለማውቅ እዚሁ እነግራቸዋለሁ።

ልጁ ሞባይልና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። 60 ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ የባሕር ውኃ ሠርቼ፣ ድንጋይ ደርድሬ፣ አንዲት ማንቲስ ሽሪምፕ አኖራለሁ አለ። ያለው ይኸው ነው። አንዱ «ጎጃም ላይ ምን ባሕር አለና!» አለው። ሌላው «ሰው ቧንቧ ይጠብቃል፣ አንተ ለትል ገንዳ ትሠራለህ?» ብሎ ጨረሰው። ልጁ ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። እኔ ተከትዬው ሱቁ ድረስ ሄድኩ።

እንስሳዋን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስተዋውቅ። ማንቲስ ሽሪምፕ የሸርጣን ዘመድ ናት። ሞቃት ባሕር ውስጥ በኮራል ድንጋይ ቀዳዳ ወይም በአሸዋ ጉድጓድ ትኖራለች። ትናንሾቹ ዝርያዎች የሰው ጣት ቢያህሉ ነው። ከአፏ በታች አጥፋ የምትይዛቸው ሁለት ክንዶች አሏት፤ ጫፋቸው በአንዳንዱ ዝርያ እሾሃም ጦር፣ በሌላው ዱላ ነው። ሺላ ፓቴክ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የባለ ዱላዋን ምት በፈጣን ካሜራ ቀርጻ እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትማለች፤ ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 23 ሜትር ይደርሳል፣ ያውም ውኃ ውስጥ። ክንዱ ከመፍጠኑ የተነሳ ውኃው መሐል የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። አረፋው ሲከስም የምትመታው ቀንድ አውጣ ሁለተኛ ምት ይቀምሳል። ዓይኖቿ ለየብቻ ይዞራሉ፤ አንዱ ወደ ላይ ሲያይ ሌላው ጎኑን ይቃኛል። እኛ ቀለም የምንለየው በ3 ዓይነት ሴል ነው፤ እሷ 12 አላት። ከዚህ ተነስተው ብዙዎች ከሰው አብልጣ ቀለም ትለያለች ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናት ግን ተቀራራቢ ቀለሞችን በመለየት ከሰው እንደምታንስ አሳየ። ሰው ገምቶ፣ ፈትሾ፣ ግምቱን ሲጥል ማየት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ «ምን ባሕር አለና» ልመለስ። ከእነዚህ እንስሳት አንዱ ዝርያ በሳይንሳዊ ስሙ የምጽዋን ስም ይዞ ዓለምን ይዞራል፤ ጀርመናዊው ኮስማን እ.ኤ.አ. በ1880 ነው የሰየመው። የሱዌዝ ቦይ ከተከፈተ በኋላም ሜዲትራኒያን ገብቶ ተራብቷል። ለባሕር ሩቅ ነን የሚል ሰው ደጀን ይውረድ። በአባይ በረሃ ግድግዳ ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ከዚያው ስፍራ ተኝቶ የነበረ ባሕር የተወው ነው፤ ሰብሮ ለፈለገ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ይገኝበታል። አያቶቻችን በባሶ ገበያ እንደ ገንዘብ ይቀባበሉት የነበረው አሞሌም ቀይ ባሕር ወደ አፋር ዝቅታ ገብቶ ሲደርቅ የቀረ ጨው ነው። ጎጃም ባሕርን ሲነግድበት ኖሯል።

ቅንጦት ነው ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ያ ልጅ ለገንዳው የሚያወጣውን ገንዘብ የሳቁበት ሰዎች በአንድ ወር ቢራ ያወጡታል። ለዚያ ማንም አልሳቀባቸውም።

ሥራው ግን ቀላል ነው አልልም። ከጨው እንጀምር። ለአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ይገባል፤ ለ60 ሊትር 2 ኪሎ ከ100 ግራም ማለት ነው። ከሱቅ የሚገዛ የወጥ ጨው አይሆንም፤ አሞሌም አይሆንም። ባሕር ውስጥ ከሟሟው ጨው የገበታ ጨው 85 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀረው ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም ነው። እንስሳዋ ቅርፊቷን የምትሠራው በካልሲየም ነውና ይህን ማጉደል አይቻልም። ስለዚህ ለዚሁ ተብሎ የተቀመመ ጨው ከውጭ ማስመጣት ግድ ነው፤ ከሁሉም ውዱ እሱ ነው። ውኃው ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም። በጎደለ ቁጥር የሚጨመረው እንግዲህ ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው፤ በበጋ ይህን የረሳ ሰው ገንዳው በሳምንት ውስጥ ጨው ይበዛበታል።

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት። ልጁ የክረምቱን ዝናብ ላጠራቅም ብሎ ነበር፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ እንዳይቀዳ ነገርኩት። የቆርቆሮው ዚንክ ለሰው ባይታወቅም ሸርጣንና ሽሪምፕ ለመሳሰሉት መርዝ ነው። መዳብ ደግሞ ይብሳል። ንጹሕ ላስቲክ ዘርግቶ፣ የመጀመሪያውን ዝናብ አሳልፎ፣ ከዚያ መቅዳት ነው።

መጽሐፍ ላይ የማይገኝ አንድ የእኛ አገር ችግርም አለ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሞቃትና ጨዋማ ውኃ ደግሞ ድሮም ብዙ ኦክስጅን አይዝም። ጅቡቲ ላለ ሰው አንድ የአየር ፓምፕ ከበቃው እዚህ ደርብ ማድረግ ይሻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውኃውን 25 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ማሞቂያ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራታችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

የልጁ ሱቅ ውስጥ ያየሁት ለዚህ ነው ልቤን የነካው። ከጠረጴዛው ሥር አንድ አሮጌ የባጃጅ ባትሪ አስቀምጧል። ከተበላሸ ቻርጀር የፈታውን ሪሌ በሁለት ሽቦ በይዶበታል። ሶኬቱን ነቀለልኝ። ቀጭን «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ባልዲ ውኃ ውስጥ አየር የሚነፋው ፓምፕ ሳያቋርጥ በባትሪው ቀጠለ። አረፋው ለአፍታ እንኳ አልተቋረጠም። «ጋሼ፣ ማሞቂያውን አይችልም፤ አየሩን ግን ሌሊቱን ሙሉ ይችላል፤ ለሙቀቱ ገንዳውን በብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ» አለኝ። በዚህ ልጅ ነው የተሳቀው።

ከድንጋዩ፣ ከጨውና ከመብራቱ ይልቅ ትልቁ ነገር ግን መጠበቅ ነው። የባሕር ውኃ ተሠርቶ ዕለቱን እንስሳ አይገባበትም። የውኃ እንስሳ ከበላ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ጥቂቱም ይገድላል። ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ድንጋዩና አሸዋው ላይ ሰፍረው እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። ጠላ የምትጠምቅ እናት ጥንስሱ ሳይደርስ ድፍድፉን እንደማትቸኩልበት ሁሉ እዚህም መቸኮል የለም። ልጁ እንስሳ በሌለበት ባልዲ ውኃ ውስጥ ቁራጭ ዓሣ ጥሎ፣ በየቀኑ የመመርመሪያ ጠብታ እያንጠባጠበ የቀለሙን ለውጥ ደብተር ላይ ይመዘግባል። እንስሳዋ የለችም፤ ከጅቡቲ በምን ፈቃድ፣ በምን መንገድ እንደምትመጣ ገና እየጠየቀ ነው። ውኃው ሳይደርስ እንዳያመጣት ለምኜዋለሁ፤ እሱም ቢሆን አላሰበውም። ከመጣችም ብቻዋን ናት፤ አብሯት የሚገባውን ሁሉ ትበላዋለች።

ደብተሩን እያገላበጥኩ ስለ ሌላ ውኃ ማሰብ ጀመርኩ። የቆዩ አንባቢዎቼ ወዴት እንደምሄድ ገብቷቸዋል። ብርብራ ነው።

ዛሬም ውኃው ሲጎድል የብርብራ ዛፍ ፍሬ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ ዓሣ ለመያዝ ወንዝ ውስጥ የሚበትኑ አሉ። ከዚህ በፊት ስጽፍ «የአባቶቻችን ዘዴ ነው» ተብዬ ብዙ ተሰድቤያለሁ። አባቶቻችን ብዙ መልካም ነገር አውርሰውናል፤ ይህ ግን አይቀጥል። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን ሴሎች ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያደርጋል። ዓሣው ውኃ ውስጥ እያለ ይታፈናል። ሰውየው የሚፈልገው አሥር ትልልቅ ዓሣ ነው፤ የሚሞተው ግን ጫጩቱ፣ የውኃ ነፍሳቱ፣ ዓሣው የሚመገበው ሁሉ ነው። አሥሩን ለቅሞ ይሄዳል፤ የቀረው ነጭ ሆዱን ሰቅሎ ይወርዳል። ላህ ወንዝ ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆች በዱላ እያገላበጡ ይጫወቱበት ነበር።

የጣናውን ነገር ደግሞ ስንቶቻችን እናውቃለን? ነጭ ዓሣ የምንላቸው የጣና ዓሦች ከአንድ ዘር ተነስተው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ወደ 15 ዝርያ ተከፋፍለዋል፤ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አዳኝ ሆነዋል። ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ናቸው ለይተው የጻፏቸው። በእነዚህ ዓሦች ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ ሌላ ሐይቅ ላይ አይገኝም። በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ እኛም መረባችንን ይዘን ወንዙ አፍ ላይ እንጠብቃቸዋለን፣ ከዚያ ያመለጠውን ከላይ በብርብራ እንቀበለዋለን። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት ምርታቸው በክብደት 75 በመቶ ያህል ወረደ። ለዐቢይ ጾም ዓሣ ስንፈልግ ብቻ የምናስታውሳቸው እነዚህን ነው።

ውኃ በእጁ የሠራ ሰው ወንዝ ውስጥ ብርብራ አይበትንም ብዬ አምናለሁ። ለአንዲት ጣት ለምታህል እንስሳ ውኃው ሕያው እስኪሆን ስድስት ሳምንት የጠበቀ ሰው ላህን በአንድ ከሰዓት መግደል ምን እንደሆነ ይገባዋል። ለዚህ ነው ገንዳውን ቅንጦት ነው የሚለውን ነገር የማልሰማው። ሰባኪ፣ ደንብና ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ለዓመታት አይተናል፤ ውኃው ዳር የቆመ ልጅ ግን ከገጹ በታች ምን እንዳለ አያይም። መስታወት ያሳየዋል።

ስለዚህ ለልጁ አንድ ሐሳብ አቀረብኩለት፤ ተስማማ። የባሕሩን ገንዳ ይቀጥል፤ ጎን ለጎን ሁለተኛ የወንዝ ገንዳ እንሥራ። እ.ኤ.አ. በ2007 አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስታያስኒ ከኢትዮጵያ አምስት አዲስ የዓሣ ዝርያዎችን ለሳይንስ ሲያስተዋውቁ አንዷን በደምበጫ ስም ጠርተዋታል፤ ጋራ ደምበጫ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሁሉ የሚያልፍባት ደምበጫ! የጋራ ዓሦች ትንንሽ ናቸው፤ ከአፋቸው ሥር መጣበቂያ አላቸው፤ ፈጣን ውኃ መሐል ድንጋይ ላይ ተለጥፈው አረንጓዴውን ንጣፍ ይግጣሉ። ጨው አይፈልጉም፣ ማሞቂያ አይፈልጉም፣ ከጅቡቲ አይጫኑም። የሚፈልጉት የሚወርድ ውኃ፣ አየርና ድንጋይ ነው። ደምበጫ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ስለ ፔንግዊን ሊነግረኝ ይችላል። በከተማው ስም የተጠራች ዓሣ እንዳለች የነገረኝ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን፣ የወንዙን ገንዳ ለተማሪዎች ለማቆም የምጠይቃችሁ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሶኬት ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ግድግዳ ሥር ቢሆን ይመረጣል። የባትሪውን ሥራ ልጁ በነፃ ይሠራል። ድንጋዩን ከተምጫ እኔ አመጣለሁ። ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ያላችሁ መስታወት ቤቶች፣ ልኩ 60 በ30 በ35 ሳንቲም ነው፤ ባለ 6 ሚሊ መስታወት፣ ጠርዙ የተሞረደ፣ ሲልከኑ ሻጋታ መከላከያ ያልገባበት ይሁን።